ባልተከፈለ ዋጋ ላይ ግብር፦ ታርጋው የተፈታ መኪናና የቴክሳስ ሕግ አድልዎ

ማጠቃለያ

በዳላስ ሁለት ሰዎች ያገለገለ መኪና ይገዛሉ። አንደኛው የሚገዛው ፈቃድ ካለው ነጋዴ (ዲለር) ነው፤ ሌላኛው ከጎረቤቱ። የሁለቱም መኪኖች የቀድሞ ባለቤቶች በምርጫቸው ያሠሩትን ልዩ ታርጋ ፈትተው ወስደዋል። ከነጋዴው የገዛው ሰው የብረት ታርጋ ታስሮለት ይወጣል፤ ግብሩም በከፈለው ዋጋ ላይ ይሰላል። ከጎረቤቱ የገዛው ግን በአምስት ቀን የሚያበቃ ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ግብሩም ባልከፈለው ዋጋ ላይ ሊሰላበት ይችላል። ለዚህ ልዩነት በቂ ምክንያት የለም። በጃንዋሪ 2027 የሚሰበሰበው 90ኛው የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በሦስት አጫጭር ማሻሻያዎች ሊያስተካክለው ይችላል፤ ሊያስተካክለውም ይገባል።

ታርጋው የሻጩ፣ መኪናው የገዢው

በቴክሳስ ልዩ ታርጋ ከመኪናው ይልቅ ሰውየውን ይከተላል። ባለቤቱ ፊደላቱንና ቁጥሮቹን ይመርጣል፣ በየዓመቱ ተጨማሪ ክፍያ ይከፍላል፣ መኪናውን ሲሸጥም ፈትቶ ወደሚቀጥለው መኪናው ያዛውረዋል። ግዛቱ ከዚህ ገበያ ጥቂት የማይባል ገንዘብ ያገኛል፤ በ2013 አንድ ልዩ ታርጋ በጨረታ 115,000 ዶላር አውጥቷል።

ተራ ታርጋ ያለው ሻጭም ቢሆን እንዲፈታው የሚመክረው ራሱ የቴክሳስ የሞተር ተሽከርካሪዎች መምሪያ ነው። ምክሩ ትክክል ነው። በሰሜን ቴክሳስ የክፍያ መንገዶች ላይ ካሜራው የሚያነሳው ታርጋውን ነው፤ የክፍያው ደብዳቤም የሚላከው በመዝገብ ላይ ስሙ ወደሰፈረው ባለቤት ነው። ታርጋውን መኪናው ላይ ትቶ የሸጠ ሰው ሌላ ሰው የነዳበት የቶል ዕዳ ቤቱ ድረስ ይመጣበታል። በአንድ ዓመት ውስጥ መቶና ከዚያ በላይ ያልተከፈለ የቶል ክፍያ የተመዘገበበት ባለቤት ደግሞ የመኪናው ዓመታዊ ምዝገባ እስከመታገድ ሊደርስ ይችላል።

ከኢትዮጵያ ለመጣ ገዢ ይህ አሠራር እንግዳ ነው። በአገር ቤት በተለምዶ ታርጋው ከመኪናው ጋር ይቆያል፤ የሚዛወረው ስመ ንብረቱ ነው። በጋርላንድ ወይም በሪቻርድሰን ከወገኑ መኪና የሚገዛ ሰው ሻጩ መፍቻ ይዞ ታርጋውን ሲፈታ የተታለለ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሻጩ ሕጉን እየፈጸመ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ታርጋው ለምን ተፈታ የሚለው አይደለም፤ ታርጋው ከተፈታ በኋላ ሕጉ ለገዢው ምን ይተውለታል የሚለው ነው።

የአምስት ቀን ወረቀት

ሕግ አውጪው ይህን ጥያቄ ለአንደኛው ገዢ መልሶታል። የፎርት ዎርዙ ተወካይ ክሬግ ጎልድማን ያቀረቡትና በ2023 የጸደቀው የተወካዮች ምክር ቤት ሕግ 718 ነጋዴዎች ይሰጡት የነበረውን ጊዜያዊ የወረቀት ታርጋ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አስቀርቷል። ሕጉ የወጣበት ምክንያት ከባድ ነበር። ሐሰተኛ የወረቀት ታርጋ ለወንጀል መሸፈኛ ሆኖ ነበር፤ በኖቬምበር 2022 አንድ የግራንድ ፕሬሪ ከተማ ፖሊስ ሐሰተኛ የወረቀት ታርጋ የለጠፈ መኪና ሲያሳድድ በደረሰ ግጭት ሕይወቱ አልፏል። ዛሬ ከነጋዴ የሚገዛ ሰው መኪናው ታርጋ ከሌለው ነጋዴው ራሱ የብረት ታርጋ መድቦ ያስርለታል።

ከግለሰብ የሚገዛው ሰው ግን የሚያገኘው ከመምሪያው ድረ ገጽ በነጻ የሚታተም የመሸጋገሪያ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የሚያገለግለው መኪናውን ወደ ካውንቲው ታክስ ቢሮ ለማድረስ ነው። ጊዜው አምስት ቀን ነው፤ ለአንድ ግዢ የሚሰጠውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አምስት ቀን በቂ የሚመስለው በሥራ ሰዓት ፈቃድ ማግኘት ለሚችል ሰው ነው። መኪና የሚሸጠውና የሚገዛው በአብዛኛው ሰው ከሥራ ሲወጣና በሳምንቱ መጨረሻ ነው። ዓርብ ማታ የገዛ ሰው ቅዳሜንና እሑድን ያጣል፤ ሰኞ በዓል ከሆነ ሦስተኛው ቀን ይሄዳል። በቀሪዎቹ ቀናት በሻጭም በገዢም የተፈረመውን ቅጽ 130-ዩ፣ ሻጩ ጀርባው ላይ የፈረመበትን የባለቤትነት ማረጋገጫ (ታይትል)፣ የኢንሹራንስ ማስረጃ፣ መታወቂያና ገንዘቡን አሟልቶ መቅረብ አለበት። የቀድሞው ምዝገባ ጊዜው ካለፈ ደግሞ፣ አጠቃላዩ ዓመታዊ የደህንነት ምርመራ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የቀረ ቢሆንም፣ በዳላስ፣ በታራንት፣ በኮሊን፣ በዴንተንና በአካባቢው ባሉ ሌሎች አምስት ካውንቲዎች የጭስ ምርመራው ግዴታ ሆኖ ይቀጥላል። ታይትሉ ላይ አንድ ፊርማ ከጎደለ፣ ወይም አንድ ስም ተሰርዞ ከተጻፈ፣ ገዢው ወደ ሻጩ ተመልሶ ሁሉንም እንደገና ይጀምራል። ፈቃዱ ግን አይጠብቀውም።

ጊዜው ካለፈ በኋላ ሁለት ምርጫ ይቀረዋል፤ መኪናውን ማቆም፣ ወይም ያለ ታርጋ መንዳት። አርሊንግተን መደበኛ የአውቶቡስ መስመር የሌላት ትልቅ ከተማ ናት። በአውሮፕላን ማረፊያው የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው መኪናውን ሲያቆም ሥራውንም ያቆማል። ያለ ታርጋ የሚነዳው ደግሞ በየመንገዱ የመቆም ዕጣ ይጠብቀዋል፤ ለስደተኛ ይህ ከቅጣት ወረቀት የበለጠ ሊያስከትል እንደሚችል የአደባባይ ምስጢር ነው።

ሕጉ የሥራ ቀን ቆጠራን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። ለገዢው ሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ሰጥቶታል፦ ለባለቤትነት ዝውውር 30 ቀን፣ የመኪናውን ዋጋ በባለሙያ ለማስገመት 20 የካውንቲ የሥራ ቀናት፣ በመኪናው ለመንቀሳቀስ ግን አምስት ቀን። በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ ገማች ውሰደው የተባለውን መኪና ከአምስተኛው ቀን በኋላ በምን ታርጋ ነድቶ ይወስደዋል?

ኮምፒውተር ያየው ዋጋ

ሁለተኛው አድልዎ በግብሩ ላይ ነው። የቴክሳስ የተሽከርካሪ ሽያጭ ግብር 6.25 በመቶ ነው። ከነጋዴ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው በሽያጩ ዋጋ ላይ ነው። ከግለሰብ የሚገዛ ሰው ግን ከኦክቶበር 1 ቀን 2006 ጀምሮ «መደበኛ ግምታዊ ዋጋ» ለሚባል መለኪያ ተገዥ ነው። በግብር ሕጉ ክፍል 152.0412 መሠረት ገዢው የከፈለው ዋጋ ከግምታዊው ዋጋ 80 በመቶ በታች ከሆነ፣ ግብሩ የሚሰላው በከፈለው ሳይሆን በዚያ 80 በመቶ ላይ ነው።

ግምቱን የሚያወጣው የመምሪያው የኮምፒውተር ማስያ የሚጠይቀው የሻንሲ ቁጥርና ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚያሳየውን ማይል ነው። ሞተሩ ያንኳኳ እንደሆነ፣ ካምቢዮው ይንሸራተት እንደሆነ አይጠይቅም። የሰሜን ቴክሳስ የጸደይ በረዶ ጣሪያውንና ኮፈኑን ቀጥቅጦት እንደሆነም አያውቅም። ርካሽ መኪና ግን ርካሽ የሚሆነው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

በምሳሌ ይታይ። በረዶ የቀጠቀጠው፣ ካምቢዮው የተጎዳ መኪና በ4,000 ዶላር ተሸጠ እንበል፤ ማስያው ግን 9,000 ዶላር ነው አለ። 80 በመቶው 7,200 ዶላር ነው፤ ግብሩም 450 ዶላር ይሆናል። በእውነተኛው ዋጋ ቢሰላ 250 ዶላር ነበር። ገዢው እጁ ላይ ላልደረሰ 3,200 ዶላር የሚያወጣ ንብረት 200 ዶላር ከፈለ ማለት ነው።

«መውጫ አለው» ይባላል፤ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ወይም የኢንሹራንስ ገማች መኪናውን አይቶ ቅጽ 14-128ን ከሞላለት ግብሩ በባለሙያው ግምት ላይ ሊሰላ ይችላል። ነገር ግን ነጋዴው ለዚህ የሚያስከፍለው በደንብ የተወሰነ ሲሆን ከ100 እስከ 300 ዶላር ይደርሳል። ከላይ ባለው ምሳሌ ገዢው 200 ዶላር ለማትረፍ ቢያንስ 100 ዶላር ያወጣል፤ 300 ከተጠየቀ የቆጡን ለማውረድ የብብቱን ጣለ ማለት ነው። ሕጉ እውነት ለመናገር ዋጋ አስከፍሏል፤ ዋጋውም የሚከብደው መኪናው ይበልጥ ርካሽ በሆነ ቁጥር ነው።

በሌላው ወገን፣ አሮጌ መኪናውን ለነጋዴ አስረክቦ ሌላ የሚገዛ ሰው ግብር የሚከፍለው በልዩነቱ ላይ ብቻ ነው። የ20,000 ዶላር መኪና ሲገዛ የ8,000 ዶላር መኪና ካስረከበ ግብሩ ከ1,250 ወደ 750 ዶላር ይወርዳል። ያንኑ አሮጌ መኪና ለጎረቤቱ ሸጦ በገንዘቡ ከሌላ ግለሰብ የሚገዛ ሰው ይህ ቅናሽ የለውም። የገቢ ግብር በሕገ መንግሥቷ በከለከለች ግዛት የሽያጭ ግብር ጫና በዝቅተኛ ገቢ ላይ እንደሚከብድ የታወቀ ነው፤ ይህ አሠራር በዚያ ጫና ላይ ሌላ ይጭናል።

ለተቃራኒው መከራከሪያ መልስ

የግምታዊው ዋጋ ደጋፊዎች የሚያነሱት ሐቅ አለ። ከ2006 በፊት ሻጭና ገዢ ተስማምተው ዝቅተኛ ዋጋ በመጻፍ ግብር ይሸሹ ነበር፤ ዛሬም ሕጉ ቢላላ ይህን የሚሞክር አይጠፋም። ግዛቱ ራሱን መከላከሉ ተገቢ ነው። ተገቢ ያልሆነው ውሸታሙን ለመያዝ የተዘረጋው መረብ እውነተኛውንም አብሮ መያዙ፣ ለመፈታትም ገንዘብ መጠየቁ ነው። የ40,000 ዶላር መኪና በ5,000 ተሸጠ ብሎ የሚጽፍ ሰውና የተቀጠቀጠ አሮጌ መኪና በ4,000 የገዛ ሰው በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም።

የጊዜያዊ ፈቃዱ መርዘም ወደ ሐሰተኛ ወረቀት ዘመን ይመልሰናል የሚል ስጋትም ይነሳል። ያኔ ችግሩ የተፈጠረው የነጋዴ ፈቃድ የያዙ ሰዎች ያለ ሽያጭ ታርጋ እያተሙ በመቸብቸባቸው ነበር። የግለሰብ ገዢ ፈቃድ ግን በአንድ የሻንሲ ቁጥር አንድ ጊዜ የሚሰጥ ነው። ስጋቱ ከቀጠለም መፍትሔው በሕግ 718 ውስጥ አለ፤ ወረቀቱን በብረት መተካት።

ሦስት ማሻሻያዎች

አንደኛ፣ የመሸጋገሪያ ፈቃዱ ጊዜ ከዋጋ ማስገመቻው ጋር እኩል 20 የካውንቲ የሥራ ቀናት ይሁን። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ የካውንቲ ታክስ ቢሮዎች የሽያጭ ሰነድና ኢንሹራንስ ላቀረበ ገዢ ጊዜያዊ የብረት ታርጋ በመጀመሪያው ቀን እንዲሰጡ ማድረግ ነው። ቀሪው የታይትል ጉድለት በ30 ቀኑ ውስጥ ይሟላል።

ሁለተኛ፣ ግምታዊ ዋጋቸው ከ10,000 ዶላር በታች ለሆኑ መኪኖች ሻጭና ገዢ በመሐላ የፈረሙበት የሽያጭ ውል፣ ጉዳቱን ከሚያሳይ ፎቶግራፍና ከጋራዥ የጥገና ዋጋ ማቅረቢያ ጋር፣ በቂ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠር። በሐሰት የማለ ይቀጣ። ከዚያ በላይ ላሉ መኪኖች ባለሙያው የገዢውን ቃል ካረጋገጠ፣ የተከፈለው የግምት ክፍያ ከሚፈለገው ግብር ላይ ይቀነስ።

ሦስተኛ፣ አሮጌ መኪናውን በ30 ቀን ውስጥ ለግለሰብ ሸጦ በስሙ ሌላ የገዛ ሰው ለነጋዴ እንዳስረከበ ተቆጥሮ ተመሳሳይ ቅናሽ ያግኝ።

ሦስቱም ለግዛቱ ወጪ አላቸው። የሕግ አውጪው የበጀት ቦርድ የገቢ ተጽዕኖውን ለየብቻ እንዲያሰላ የምክር ቤት አባላት ረዳቶች ሊጠይቁ ይገባል። የመጀመሪያው በግብር ገቢ ላይ ለውጥ ስለማያመጣ ብቻውንም ቢሆን መቅረብ ይችላል።

እስከዚያው ድረስ የማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚሠሩት አለ። ግምታዊውን ዋጋ ከግዢ በፊት በድረ ገጹ ላይ ማንም በነጻ ማየት ይችላል፤ ገዢ ዋጋ ሲደራደር የግብሩን ልዩነት አስቦ መደራደር አለበት። ሻጭ ታርጋውን ከፈታ በኋላ የዝውውር ማስታወቂያውን ወዲያውኑ ለመምሪያው መላክ፣ ገዢም የሥራ ቀናት ከፊቱ ባሉበት ዕለት መግዛት ይጠቅመዋል። የዘገየ ሰው ለባለቤትነት ዝውውሩ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ቀን ሌላ 25፣ እስከ 250 ዶላር ይቀጣል፤ በግብሩ ላይም መጀመሪያ 5፣ ከዚያም 10 በመቶ ይጨመርበታል። ይህን በአማርኛና በትግርኛ በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየመደብሩ ማሰራጨት የሕግ ለውጥ አይጠብቅም።

የተባባሱ ገጠመኞችንም መሰብሰብ ያስፈልጋል። ለቀጣዩ ጉባኤ ረቂቆች መመዝገብ የሚጀምሩት በኖቬምበር 2026 ነው። በማስያው የወጣው ግምት፣ የተፈረመው የሽያጭ ውልና የታክስ ቢሮው ደረሰኝ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለተወካዩ ረዳት ከረጅም ንግግር ይልቅ ያስረዳሉ። ግዛቱ በጨረታ ከሸጠው ልዩ ታርጋ ጋር ባለቤቱን አልለየም፤ ለገዢውም መኪናውን ከመንገዱ፣ ግብሩንም ከከፈለው ዋጋ ሊለይበት አይገባም።