ሃይላንድ፣ ሮቶና እንክብል

አዲስ አበባ፣ ጀሞ ውስጥ ፈረቃው ሲደርስ የቧንቧ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ያስነጥሳል፣ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ ይተፋል፣ ከዚያ ይጠራል። ባለ ሮቶው ሮቶውን፣ ሌላው ጄሪካንና ባልዲውን ይሞላል። ሲነጋ ከዚያው ግቢ አንድ ልጅ ባለ ሁለት ሊትር ውሃ ሊገዛ ወደ ሱቅ ይላካል። የመጣው ለልብስና ለወጥ፣ የተገዛው ለመጠጥ።

ይህ ክፍፍል በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከለቡ እስከ ጎፋ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ የኑሮ ሥርዓት ሆኗል። አምቦ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ቢታሸግም የግብዣና የጨጓራ ውሃ ሆኖ ነው የኖረው። በፕላስቲክ የመጣው ጋዝ የሌለው ውሃ ግን ጓዳ ድረስ ዘለቀ፤ የአንዱ ቀደምት ምርት ስም የዕቃው መጠሪያ ሆኖ ቀረና ቁራሌው ዛሬ የማንኛውንም ፋብሪካ ባዶ ጠርሙስ «ሃይላንድ» ብሎ ይሰበስባል። ለቅሶ የሚደርስ ሰው እሽግ ውሃ ተሸክሞ ድንኳን ይገባል። ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ጠያቂም ከብርቱካኑ ጋር ውሃ አይረሳም። ለአራስ፣ ለታማሚ፣ ለሽማግሌ የሚመረጠው እሱ ነው፤ ማለትም በሽታ የመቋቋም አቅማቸው ለደከመ ሰዎች።

ታዲያ ውስጡ ምን አለ?

ባክቴሪያ አለ። ይህ ብቻውን አያስደነግጥም፤ የመጠጥ ውሃ እንደ መርፌ መድኃኒት ከጀርም ሁሉ የጸዳ እንዲሆን የሚጠይቅ ደረጃ የለም። ጥያቄው የትኛው ባክቴሪያ ነው የሚለው ነው። ኢ. ኮላይ ከሰውና ከእንስሳ አንጀት የሚወጣ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ከተገኘ ሰገራ ነክቶታል ማለት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም እንዳይገኝ ያዛል። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። እርጥበት ካገኘ ብዙ ምግብ ሳይሻ ይኖራል፤ በቧንቧና በማጣሪያ ግድግዳ ላይ ሙጫ የመሰለ ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል። ጤነኛን ሰው እምብዛም አይነካም፤ ቃጠሎ የደረሰበትን፣ ያለጊዜው የተወለደን ሕፃን፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለን ግን ሊገድል ይችላል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ በተፈጥሮ ማዕድን ውሃ ላይ በ250 ሚሊ ሊትር ውስጥ ጨርሶ እንዳይኖር የደነገገው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ መንገድ ላይ ለሚያጋጥመው ብክለት ስንቅ ይዞ ይወጣል፤ ስንቁ ክሎሪን ነው። የታሸገ ውሃ ያ ስንቅ የለውም። ፋብሪካው የጉድጓድ ውሃውን በአሸዋና በከሰል ያጣራል፣ በአልትራቫዮሌት ወይም በኦዞን ያክማል፣ ይሞላል፣ ይከድናል። ኦዞኑ ብዙም ሳይቆይ ወደ ተራ ኦክሲጅን ይለወጣል። በጊዜው ያልተለወጠ የከሰል ማጣሪያ ራሱ የባክቴሪያ ማደሪያ ሊሆን ይችላል። በመሙያው አፍ ወይም በክዳኑ በኩል ጥቂት ባክቴሪያ ካመለጠ ደግሞ ጠርሙሱ ውስጥ የሚያግደው ነገር አይኖርም። ውሃው መጋዘን ይከርማል፣ በአይሱዙ ይጫናል፣ ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ይደረደራል። በፋብሪካው በር ላይ ደረጃውን ያሟላ ውሃ ከሳምንታት በኋላ ሱቅ ውስጥ ሌላ ውሃ ሊሆን ይችላል።

ለቧንቧው ጥብቅና መቆም አይደለም። ፈረቃ በራሱ አደጋ ነው፤ ባዶ የዋለ መስመር ግፊቱ ስለሚወርድ በስንጥቁ በኩል ከዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ይስባል። ሮቶውንም በዓመት አንዴ የሚያጥበው ስንቱ ነው? በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ከተማው ይህን በደንብ ተምሯል። ግን ከቧንቧው የሸሸ ሁሉ ከችግሩ አመለጠ ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1974 ፖርቱጋልን የመታው ኮሌራ 2,467 ሰዎችን ይዞ 48 ገድሏል። ከመተላለፊያዎቹ አንዱ ከተበከለ ምንጭ ተቀድቶ የታሸገ ጋዝ አልባ ውሃ ነበር። ባርሴሎና ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2016 ቢሮዎች ከሚጠቀሙባቸው ትልልቅ የውሃ እሽጎች የተነሳ ከ4,000 በላይ ሰዎች ታመዋል፤ ያኔ ጥፋተኛው ቫይረስ ነበር። በእኛም ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች በአማራ ክልል ሦስት ቦታዎች የሚሸጥ የታሸገ ውሃን ኬሚካላዊና ባክቴሪያዊ ጥራት መርምረው በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። «በታሸገ ውሃ ውስጥ አንቲባዮቲክ የማይበግረው ባክቴሪያ ተገኘ» የሚል ዜና ያነበበ ሰው ሁለት ነገሮችን መለየት አለበት። ሱዶሞናስ አሞክሳሲሊንና አምፒሲሊንን የሚቋቋመው በተፈጥሮው ነው፤ ሽፋኑ ጠጣር ነው፣ የገባበትንም መድኃኒት መልሶ የሚተፋ ፓምፕ አለው። ስለዚህ እሱ አሞክሳሲሊንን ተቋቋመ ማለት ዶሮ ጥርስ የላትም እንደማለት ነው። ኢ. ኮላይ ሲፕሮ የተባለውን አንቲባዮቲክ ተቋቁሞ ሲገኝ ግን ነገሩ ይለያል። ያ ባክቴሪያ መድኃኒት ከወሰደ አንጀት ወይም መድኃኒት ከደረሰበት ፍሳሽ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከዚያም የሚብሰው፣ ጎረቤት ወንፊት እንደሚዋዋስ ባክቴሪያዎችም የመቋቋሚያውን ዘረመል መዋዋሳቸው ነው። ከውሃው ጋር የተዋጠ ጉዳት የሌለው ባክቴሪያ አንጀት ውስጥ ላገኘው ክፉ ጎረቤቱ ሊያቀብል ይችላል።

የዚህን መቋቋም ምንጭ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። በሕግ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። ግን «ጉሮሮዬን አሞኛል፣ አሞክሳሲሊን ስጠኝ» ብሎ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ባዶ እጁን የሚመለሰው ስንት ጊዜ ነው? እንክብሉ ለሦስት ቀን ይዋጣል፣ ሲሻል ይቀመጣል፣ የተረፈው ለጎረቤት ልጅ ይሰጣል። ሽንት ቤት የገባውም ሆነ ከሆስፒታል የወጣው ፍሳሽ በከፊል ወደ ወንዝ ይወርዳል። ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይህንኑ ክፍለ ከተማ አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሲወርድ ዳር ዳሩን አትክልት ይጠጣዋል። የፔኒሲሊን አግኚው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ያነሰ መጠን መውሰድ ጀርሞቹን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት የተጓደለው ሕግ አይደለም። የታሸገ ውሃ አስገዳጅ ደረጃ አለው፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጥቷል። የጎደለው ለጠጪው የሚደርስ ውጤት ነው። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የካልሲየሙን፣ የሶዲየሙንና የፒ.ኤች.ኡን መጠን በቁጥር ይዘረዝራል፤ ስለ ባክቴሪያ ምርመራ የሚለው የለም። ባለሥልጣኑ ናሙናውን ከፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ጀሞና ጎፋ ካሉ ሱቆች እንደ ማንኛውም ሸማች ይግዛ። በየሦስት ወሩ የምርቱን ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩን፣ የተገኘውን ባክቴሪያና የትኛውን መድኃኒት እንደሚቋቋም ያውጣ። አምራቾች «ገበያችንን ታፈርሳላችሁ» ማለታቸው አይቀርም፤ ማጣሪያውን በጊዜው የሚለውጠው ግን ከማይለውጠው የሚለይበት ሌላ መንገድ የለውም።

እስከዚያው ድረስ ውሃ ሲገዙ ፀሐይ ላይ ያልዋለውን ይምረጡ፤ የተከፈተውን ቶሎ ይጨርሱ፤ ባዶውን እየሞሉ አይጠጡበት። የሕፃን ወተት መበጥበጫና አቅሙ ለደከመ ታማሚ የሚሰጠውን ግን፣ የታሸገም ቢሆን፣ አፍልተው ያቀዝቅዙት፤ አሞክሳሲሊንን የሚቋቋም ባክቴሪያ እሳትን አይቋቋምም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።