ቁኑት ካደረግን በኋላስ?



የ2010ን ረመዳን የሬኮና የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ሚያዝያ ላይ የተነሳው የጌዴኦና የምዕራብ ጉጂ ግጭት ጋብ ያለ መስሎ ነበር። ግንቦት ማብቂያ ላይ ግን እንደገና አገረሸና ሕዝቡ በገፍ ተፈናቀለ። በሁለቱ ዞኖች ከቤቱ የወጣው ሰው ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ያላለቀው ሕንፃ ሁሉ በሰው ተጨናነቀ። ዝናቡም አለ።

እኛም ሌሊት ቆመን ቁኑት አደረግን፣ አለቀስን። ልብስም ሰበሰብን። ልብሱን ግን ግቢ ውስጥ ከምረን "ውሰዱ" አልን። ጉልበት ያለው ሦስት አራት አነሳ። አንዲት አራስ ልጇን እንዳቀፈች ባዶ እጇን ተመለሰች። ስሟን የጻፈ፣ የት እንደምታድር የጠየቃት ሰው አልነበረም። እዚያ ከነበሩት አንዱ እኔ ነኝ። ኒያችን ጥሩ ነበር፤ አሠራር ግን አልነበረንም።

ያቺን አራስ ሰሞኑን ያስታወሰኝ ስለ ቤተ እስራኤሎች ያነበብኩት ታሪክ ነው።

"አይሁድ" የሚለውን ስም ሲያይ ብቻ ገጹን የሚዘጋ ወንድም እንዳለ አውቃለሁ። ጋዛ ላይ የሚፈሰው ደም የኔንም ልብ አድምቷል፤ ግፍን ግፍ ከማለት ወደኋላ አልልም። አሁን የማወራው ግን ስለ አንድ መንግሥት ሥራ አይደለም። ጎንደር ገጠር ውስጥ ሸክላ እየሠሩ፣ ብረት እየቀጠቀጡ ስለኖሩ የአገራችን ሰዎች ነው።

በ1982 ጦርነቱ ሰሜኑን ሲያምስ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል እንሄዳለን ብለው መንደራቸውን ትተው አዲስ አበባ ገቡ። ቁጥራቸው ከ20 ሺህ በላይ ደረሰ። የደጋ ገበሬ በጠባብ የኪራይ ክፍል ታጨቀ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በበሽታ ብዙዎች ሞቱ፤ ከሁሉ የተጎዱት ሕፃናት ነበሩ።

ያን ጊዜ "ጆይንት" የሚባለው የአሜሪካ አይሁዶች የረድኤት ድርጅት ደረሰላቸው። ድርጅቱ ራሱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ፣ ፍልስጤም ውስጥ ለተራቡ አይሁዶች ገንዘብ ለመላክ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክሊኒክ ከፈተ፣ ክትባት ሰጠ። ጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ በሽተኛ ይፈልጉ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ተመዘገበ፤ ለኪራይና ለቀለብ በየወሩ ብር ይቆረጥለት ጀመር። በእስራኤል ኤምባሲ ግቢ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሞቱም በወራት ውስጥ በእጅጉ ቀነሰ።

ጸሎቱ አልተተወም። ቤተ እስራኤሎች በየዓመቱ ስግድ የሚሉት በዓል አላቸው። ጾመው ተራራ ይወጣሉ፣ ቄሶቻቸው ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፣ ወደ ኢየሩሳሌም እየሰገዱ ይለምናሉ፣ ከዚያ አብረው ያፈጥራሉ። ጸሎቱ ከመዝገቡ፣ መዝገቡ ከጸሎቱ አልተጣላም። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 አዲስ አበባ በጦር ተከባ ሳለ፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ወጣ። ይህን ካስቻሉት ነገሮች አንዱ የስም ዝርዝሩ አስቀድሞ መዘጋጀቱ ነው።

ግን እንከን የለሽም አልነበረም። ዝርዝሩ ውስጥ ያልገቡ ሺዎች ቀሩ፤ ወንድም ሄዶ እህት ቀረች። መዝገብ ያድናል፤ በር የሚዘጋም እርሱ ነው። ስለዚህ የእኛ መዝገብ የችግሩን እንጂ የሃይማኖቱን ዓይነት አይጠይቅ። ያን ረመዳን ከተፈናቀሉት አብዛኞቹ ሙስሊም አልነበሩም። ሶደቃ ሙስሊም ላልሆነ ጎረቤትም እንደሚሰጥ ኡለማዎቻችን አስተምረውናል።

"ከአይሁድ ምን እንማራለን?" ለሚል ወንድሜ የሲራ ኪታቦች ሙኸይሪቅን ያወሳሉ። የመዲና አይሁድ፣ ዓሊምና ባለ ሀብት ነበር። በሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሁድ ቀን "ከሞትኩ ንብረቴ የሙሐመድ ይሁን" ብሎ ተናዞ ወጣ፤ ተገደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተናዘዘላቸውን የቴምር አትክልት ሶደቃ አደረጉት። መልካም ሥራውን በአይሁድነቱ አልካዱትም።

እንግዲህ ጥያቄው ወደኛ ይመለሳል። ለጋዛ ፕሮፋይል ቀይረናል፣ "ያ አላህ" ብለን ጽፈናል። ዱዓእ የሙእሚን መሣሪያ ነው፤ ማንም አያሳንሰው። ግን ነገ ጎረቤታችን ሲፈናቀል ማን ነርስ እንደሆነ፣ ማን አይሱዙ እንዳለው፣ በማን ቤት ትርፍ ክፍል እንዳለ የተጻፈበት ደብተር አለን?

የመስጂዳችን ወጣቶች ይህን አንድ ደብተር ብንጀምርስ? ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም እጃችን ላይ ብር ይኖራል። ያኔ ትንሽ ትንሽ አስቀምጠን ገቢና ወጪው በየወሩ ለጀማዓው ይነበብ። አራስ፣ ሽማግሌና የቲም ቀድሞ የሚያገኝበት ተራ ከአሁኑ ይጻፍ። ግጭት እስኪመጣ አንጠብቅ፤ አላህ ያርቅልን እንጂ ሲመጣ ጊዜ አይሰጥም።

ያቺን አራስ ዳግም አላየኋትም። አላህ የትም ትሁን እርሷንና ልጇን ይጠብቅልን፣ ጉድለታችንን ይማረን፣ ጌዴኦንና ጉጂን በሰላም ያኑርልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።