ለዶሮ 12 ብልት፣ ለሰው «እጅ»

ሥጋ ቤት ገብቶ «ሥጋ ስጠኝ» ብሎ ዝም የሚል አዲስ አበቤ የለም። ሻኛ፣ ታላቅ፣ ሽንጥ፣ ጎድን፣ ዳቢት እያለ ነው የሚያዘው። ዶሮም ብትሆን 12 ብልት አላት፤ አንዱ ቢጎድል ባለሙያዋ ትታማለች። የገዛ አካላችን ላይ ስንደርስ ግን «እጄን አሞኛል» ብለን ቁጭ!

ነገሩን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። አክስቴ እጇ ላይ የወጣባትን ጥቁር ነገር ልታሳይ አንድ ክሊኒክ ሄደች። ለምርመራ ከቆዳዋ ቁራጭ ተወሰደ። ቅጹን የሞላው ሰው «የት ላይ ነው?» ሲላት «ግራ እጄ ላይ» አለችው፤ እሱም በእንግሊዝኛ «ሌፍት ሃንድ» ብሎ ጻፈ። እናላችሁ፣ ውጤቱ መጥቶ ሌላ ሐኪም ቀሪውን ሊያወጣ ሲል ቁስሉ ድኗል። መዳፏን ቢያገላብጥ ምንም የለም። ለካስ የተወሰደው ከክርኗ በላይ ነበር! እሷ ባትናገር ኖሮ ጤነኛ ቆዳ ሊቆረጥ ነበር።

ማን አጠፋ? በአማርኛ እጅ ማለት ከትከሻ እስከ ጣት ነው። እንግሊዝኛው ግን ከአንጓ በታች «ሃንድ»፣ ከዚያ በላይ «አርም» ይላል። እግርም እንደዚሁ ነው። በቆዳ ሕክምና ደግሞ ቦታው ራሱ ብዙ ይናገራል። እከክ የጣቶችን መሃል ይወዳል። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት የሚወጣው ውስጥ እግር ላይ ነው። «እግር» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳለመጻፍ ነው።

«አማርኛ ቃል የለውም» እንዳትሉኝ። አንጓ፣ ክርን፣ ብብት፣ ባት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ... ሞልቶናል። የጎደለው ስምምነት ነው። እስቲ «ክንድ» የቱ ነው? ጨርቅ የሚለካው ሰው ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ይላችኋል፤ ጉልበተኛው ከክርን በላይ ያለውን ጡንቻውን ያሳያችኋል።

ከዜሮ አንጀምርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ለአካል ቦታዎች ኮድ አለው። የቆዳ ሐኪሞቻችንና የቋንቋ ሰዎች ተቀምጠው ለየኮዱ አንድ ስም ይስማሙ፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን። ካርዱ ላይ የሰው ሥዕል ይታተምና ሐኪሙ ነጥብ ያድርግበት። እስከዚያው እኛም ናሙና ከመወሰዱ በፊት ቦታውን በስልካችን ፎቶ እናንሳ፤ ክርኑ ወይም ጉልበቱ አብሮ ይታይ።

ለዶሮዋ የተጠነቀቅነውን ያህል ለአክስቴም እንጠንቀቅ።