መዶሻው ከመነሳቱ በፊት የካቢኔቱ ሥር ይታይ



እንደሚታወቀው ሁሉ ዘመን መለወጫ ሲቃረብ በየብሎኩ የመዶሻ ድምፅ ይበረክታል። ቤት ማደስ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ሊበረታታም ይገባል። ነገር ግን ከእድሳት ሥራዎች ሁሉ ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ጣጣው የሚበዛው የማድ ቤት አሮጌ ታይልስ ማንሳት፣ ያውም ካቢኔቱ በቦታው ቆሞ ሳለ ዙሪያውን ፈልፍሎ ማንሳት በመሆኑ፣ ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ማለት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ብዙ ሰው ካቢኔቱን መንቀል የማይፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ካቢኔት ዛሬ ውድ ነው። የቺፕውድ ወይም የኤምዲኤፍ ሥራ ከሆነ ደግሞ አንዴ ብሎኑ ከተፈታ ቀዳዳው ይላላና እንደ ድሮው አይገጥምም። ላዩ ላይ ግራናይት ካለበትማ የባሰ ነው፤ ባለ 2 ሳንቲም ግራናይት በካሬ ሜትር ከ50 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሲያወርዱት ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለሆነም «ካቢኔቱ ይቆይ፣ ዙሪያው ይነሳ» ማለት ሞኝነት አይደለም። ሞኝነቱ ታይልሱ ከካቢኔቱ ሥር ገብቶ እንደሆነ ወይም ካቢኔቱ ጋ ደርሶ ያበቃ እንደሆነ ሳያዩ መዶሻ ማንሳቱ ነው።

ይህን ለማወቅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከካቢኔቱ እግር ፊት ለፊት ያለችውን መከለያ ጣውላ፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሳንቲም ያህል ከፍታ ያላትን፣ ነቅሎ በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ማየት ብቻ ነው። ታይልሱ እዚያው ፊት ላይ ካበቃ ካቢኔቱ የቆመው በሶሌታው ወይም በሊሾው ላይ ነው ማለት ነው፤ እሰየው፣ እስከ ጫፉ ድረስ ማንሳት ይቻላል። ታይልሱ ወደ ውስጥ ከቀጠለ ግን ካቢኔቱ የቆመው በታይልሱ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከፊት ያለው ሲመታ ንዝረቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ከእግሩ ሥር ያለው ንጣፍ ይላቀቃል፣ ካቢኔቱ ይዘምማል፣ በሮቹ አልገጥም ይላሉ። ግራናይቱም ያው ነው፤ ሳይነኩት ይሰነጠቃል።

መድኃኒቱ አስቀድሞ መለየት ነው። ከካቢኔቱ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር አስምሮ በአልማዝ ዲስክ ታይልሱን መቁረጥ፣ ከዚያ በኋላ መፈልፈል የሚጀመረው ከክፍሉ መካከል ነው። አንዲት ታይልስ መካከል ላይ ትሰበርና ከዚያ ወደ ዳር ዳር ይኬዳል። ከካቢኔቱ ሥር ያለውም እንዳለ ይተዋል። ግራይንደር አካሉ ሰፊ ስለሆነ ከካቢኔቱ ጥግ አይገባም፤ የምትቀረዋን ጥቂት ሳንቲም በእጅ መሮ አጋድሞ ቀስ እያሉ ማንሳት እንጂ ቸኩሎ በትልቅ መዶሻ መደብደብ አይገባም። ባለሙያው «ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ» ቢልም ባለቤቱ አጠገቡ ይቁም።

«ለምን ይነሳል፣ በላዩ ላይ አነጥፋለሁ» የሚልም አለ። ይቻላል፤ ግን ወለሉ ከነማጣበቂያው አንድ ሳንቲም ተኩል ያህል ከፍ ይላል። በሩ ከሥሩ መላግ ይኖርበታል። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ከግራናይቱ ሥር ገብቶ ከሆነ ደግሞ፣ እነዚህ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ 85 ሳንቲም ስለሚቆሙ፣ ማሽኑ እንደቆመ ከፊቱ ብቻ የተነጠፈ እንደሆነ ታስሮ ይቀራል። ጉዱ የሚታየው ማሽኑ የተበላሸ ዕለት ነው።

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ። የማድ ቤት ውኃ መስመር በብዙ ቤት ወለሉን ወይም የግድግዳውን ግርጌ ተከትሎ ስለሚያልፍ፣ የቤቱ ዋና መዝጊያ ሳይዘጋ መፈልፈል መጀመር ከታች ያለውን ቤተሰብ ጣሪያ አደጋ ላይ መጣል ነው። «ቤቴ ነው፣ ማን ምን አገባው» የሚል አይጠፋም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 ግን የየባለቤቱን ቤትና ሁላችን በጋራ የያዝነውን ክፍል ለይቶ አስቀምጧል። ከዚህም ሌላ ውኃ አዋጅ አያነብም፤ ወደ ታች ይወርዳል።

ስለ አቧራው ጠንከር ብለን መናገር እንወዳለን። ከታይልስና ከሲሚንቶ የሚነሳው አቧራ ሲሊካ የሚባል ደቃቅ ነገር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን አቧራ በ1997 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ ሳንባን የሚያጠነክረው በሽታም መዳኛ የለውም። ባለቤቱ አንድ ቀን ይተነፍሰው ይሆናል፤ የቀን ሠራተኛው ግን ነገም ሌላ ቤት ይፈለፍላል። ስለዚህ እየረጠበ ይሠራ፤ ነገር ግን ቺፕውድ ውኃ ከጠጣ ስለሚያብጥ የካቢኔቱ እግር በላስቲክ ይሸፈን። ለሠራተኛው ኤን 95 የሚባለው ጭምብል ይገዛለት፣ ነጠላ ጨርቅ ይህን አቧራ አያግደውም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ዱቄቱ አስቀድሞ ከማድ ቤቱ ይውጣ። ይህን ለባልትና ባለሙያዎቻችን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ሳይሆን አይቀርም።

በሰፈራችን ከብሎኮቹ ሌላ ዱሮ የተሠሩ ቤቶችም ስላሉ አንድ ነገር እንጨምር። ወለሉ ሴራሚክ ሳይሆን አሮጌ የፕላስቲክ ታይልስ ሆኖ ከሥሩ ጥቁር ማጣበቂያ ካለው፣ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት በዓለም ገበያ ከተሸጡት ብዙዎቹ አስቤስቶስ ነበረባቸው። በዓይን አይለይም፤ አስቤስቶስም ካንሰር ያመጣል። እንዲህ ያለው ወለል ካልተሰባበረ ሳይነኩት በላዩ መሸፈን ይሻላል። ደረቁን መፋቅ፣ በግራይንደር መላጨት ፈጽሞ አይገባም።

የቀረው ፍርስራሹ ነው። ታይልሱ ከነሲሚንቶው 4 ሳንቲም ያህል ከሆነ በካሬ ሜትር ወደ 80 ኪሎ ይጠጋል። አራት ካሬ የሆነች ትንሽ ማድ ቤት እንኳ ከ3 ኩንታል በላይ ፍርስራሽ ታወጣለች ማለት ነው፤ ያውም አሳንሰር በሌለው ሕንፃ በሰው ጀርባ የሚወርድ። ማዳበሪያው ግማሽ ብቻ ይሞላ። ፍርስራሹ ደረጃ ሥር አይከመር፣ ቦይ ውስጥም አይደፋ፤ ቦዩ ሲደፈን የክረምቱ ጎርፍ የሚገባው ምድር ቤት ያሉት ወገኖቻችን ጋ ነው።

ስለዚህ በየቤቱ የወለል ሥራ ያሰባችሁ ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ ሦስት ቀን በፊት ስማችሁን፣ የቤት ቁጥራችሁንና የሥራውን ቀን ጽፋችሁ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንድትለጥፉ፣ ከታችና ከጎን ላሉት ጎረቤቶችም በቃል እንድትነግሩ፣ ድምፅ ያለው ሥራ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 11፡00 ሰዓት ብቻ እንዲሆን፣ የፍርስራሽ መኪና ለመጥራት ከአንድ በላይ ቤት ሲኖር ወጪውን እንድትካፈሉ ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድታስታውቁ እናሳስባለን።