በሣር መካከል ስለሚበቅሉ ትንንሽ እንጉዳዮች

በጂንካ ዙሪያና በደቡብ ኦሞ ቆላ ዝናም ከጣለ በኋላ በግጦሹ ሣርና በምስጥ ኩይሳ አጠገብ እንጉዳይ ይፈላል። ይህን ያየ ሹም አንዳንዱ ሁሉንም «የጅብ ጥላ» ብሎ ይከለክላል፤ ሌላው ነጭ የሆነው ሁሉ ይበላል ይላል። ሁለቱም ስተዋል፤ የፊተኛው ከድኻው ምግብ ይነሣል፥ የኋለኛው ነፍስ።

በኩይሳ ዙሪያ በመቶ እየሆነ በአንድነት የሚወጣ፥ ባርኔጣው ከሳንቲም ብዙ የማይበልጥ ነጭ እንጉዳይ አለ፤ ሊቃውንት ተርሚቶሚሴስ ማይክሮካርፐስ ይሉታል። በአፍሪቃ ሞቃት አገሮች በብዙ ስፍራ ይበላል። ምስጦቹ ከጎጆአቸው አውጥተው ከሚጥሉት የእርሻቸው ፍርፋሪ ስለሚበቅል፥ ታላላቆቹ ዘመዶቹ ያላቸውን ረጅም ሥር በእርሱ መፈለግ ከንቱ ነው።

በእንዲህ ያለ ሣር ግን ክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ የሚባለው መርዘኛም ይበቅላል። ሲያድግ ትልቅ ነው፤ ሳይከፈት ግን ትንሽና ነጭ ስለ ሆነ ዓይንን ያታልላል። ስለዚህ የተከፈተውን ባርኔጣ ከእግሩ ቈርጦ፥ ገሚሱ ነጭ ገሚሱ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጦ፥ በዕቃ ከድኖ ማሳደር ይገባል። በነጋው የዘሩ ዱቄት ይታያል፤ የዚህ መርዘኛ አረንጓዴ፥ የምስጡ እንጉዳይ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው። ይህም ጥርጣሬን ያጠብባል እንጂ የመብላት ፈቃድ አይሆንም።

ሲነቅሉም እግሩን ከነአፈሩ መቈፈር ነው፤ በአማኒታ ወገን ያሉትን ብርቱ መርዘኞች የሚያስታውቀው ከረጢት በመሬት ውስጥ ይቀራልና። ትል የበላውን ሰው ይበላዋል ማለት፥ ወይም መርዙ በመቀቀል ይጠፋል ማለት ሐሰት ነው።

አገሬውን ሳይጠይቅ የሚመዘግብ ሠራተኛ የሥራውን እኩሌታ ትቶታል። ኖቡኮ ቱኖ በ2001 እ.ኤ.አ. ስለ ማጃንግር ሕዝብ የእንጉዳይ አጠቃቀም ጽፈዋል፤ ለደቡብ ኦሞም እንዲህ ያለ ትጋት ያስፈልገዋል። በአሪኛም ሆነ በሐመርኛ የሚጠራበት ስም፥ የበቀለበት ስፍራና ቀኑ ተጽፎ፥ ከደረቀው ናሙና ጋር ወደ ጂንካ የግብርና ምርምር ማዕከል ቢላክ መልካም ነው። ተለይቶ እስኪታወቅ ማንም አይቅመሰው።

በልቶ የታመመ ቢገኝ፥ የተረፈውን እንጉዳይ ይዞ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ። የአማኒታው መርዝ ከ6 ሰዓት በኋላ ሊጀምር ይችላል፤ ትውከቱ ጋብ ሲል በሽተኛው የዳነ ይመስላል፥ ጉበቱ ግን በዚያው ጊዜ እየተጐዳ ነው።