የኢሜይል ሳጥን ቁልፍ በማን እጅ ነው? የክፍት ምንጭ ሥራዎች ፈተና

የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ካሪም ኻን የማይክሮሶፍት ኢሜይላቸውን መጠቀም እንደተሳናቸውና ወደ ስዊዘርላንዱ ፕሮቶን ሜይል እንደተዛወሩ አሶሽዬትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ዘግቦ ነበር። ይህ የሆነው ፍርድ ቤቱ በጋዛው ጦርነት ምክንያት በእስራኤል መሪዎች ላይ የእስር ማዘዣ በማውጣቱ ዋሽንግተን በዐቃቤ ሕጉ ላይ ማዕቀብ ከጣለች በኋላ ነው። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ለፍርድ ቤቱ የሚሰጠውን አገልግሎት እንዳላቋረጠ አስታውቋል። ያም ሆነ ይህ፣ ኢሜይልን የመሰለ ተራ ነገር የሌላ አገር ፖለቲካ ሊደርስበት እንደሚችል ዓለም ተገንዝቧል።

ጉዳዩ አማንንም ይመለከታል። በከተማይቱ የሚገኘው የጆርዳን ክፍት ምንጭ ማኅበር ለቴክኖሎጂ ግልጽነትና ለተጠቃሚዎች መብት የሚሠራ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። የዚህ ዓላማ ተጋሪ የሆነ ማንኛውም ሥራ ኮዱን ለሁሉም ክፍት ሲያደርግ ደብዳቤውን የት እንደሚያኖርም መምረጥ ይኖርበታል። በኢሜይል ሳጥኑ ውስጥ ገና ያልተጠገኑ የደኅንነት ክፍተቶች ጥቆማና የበጎ ፈቃደኞች ስም ይገኛሉ። ከዚህም በላይ የጠፋ የይለፍ ቃል የሚታደሰው በኢሜይል በመሆኑ፣ ሳጥኑን የያዘ ሰው የኮዱን ማከማቻ ጭምር ሊቆጣጠር ይችላል።

አማራጮቹ ሁሉ ዋጋ ያስከፍላሉ። የጉግልና የማይክሮሶፍት አገልግሎቶች ምቹና አስተማማኝ ናቸው፤ ሆኖም ኮዳቸው ዝግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ ሕግም ኩባንያዎቹ በሌላ አገር ያከማቹትን መረጃ ጭምር በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያቀርቡ ሊያስገድዳቸው ይችላል። ፕሮቶንና የጀርመኑ ቱታ ደብዳቤን በምስጠራ ያስቀምጣሉ፤ የተጠቃሚ መተግበሪያዎቻቸውንም ኮድ ክፍት አድርገዋል። ይሁን እንጂ ፕሮቶን እ.ኤ.አ. በ2021 በስዊዘርላንድ ባለሥልጣናት ትእዛዝ የአንድ ፈረንሳዊ የአየር ንብረት ተሟጋች የኢንተርኔት አድራሻ አሳልፎ ሰጥቷል። ምስጠራ የደብዳቤውን ይዘት እንጂ ላኪውን ሁልጊዜ አይሰውርም። ቱታ ደግሞ አይማፕ የተሰኘውን የጋራ የኢሜይል ደንብ ስለማይደግፍ፣ ተጠቃሚዎቹ እንደ ተንደርበርድ ባሉ ክፍት ፕሮግራሞች ሊገለገሉበት አይችሉም።

በራስ ሰርቨር መጠቀም ከዓላማው ጋር እጅግ የሚስማማ ይመስላል። ፖስትፊክስና ዶቭኮት የተባሉት ክፍት ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። ነገር ግን ሌት ተቀን የሚጠብቅ ባለሙያ ያሻል። ጉግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የላኪ ማንነት ማረጋገጫን አጥብቀው ስለሚጠይቁ፣ በጥንቃቄ ያልተዋቀረ አነስተኛ ሰርቨር የላከው ደብዳቤ ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ጠባቂ የሌለው ሰርቨር ነጻነት ሳይሆን የተከፈተ በር ነው።

የአገሪቱ ሕግም ከግምት መግባት አለበት። የጆርዳን የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ቁጥር 24/2023 ከማርች 17 ቀን 2024 ጀምሮ ጸንቷል። ሕጉ የሰዎች መረጃ ከአገር ውጭ ሲተላለፍ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ ተቀባዩ የሚያደርገው ጥበቃ በሕጉ ከተደነገገው እንዳያንስ ይጠይቃል።

እንግዲህ ዋናው መመዘኛ የኩባንያው ስም ሳይሆን ጥሎ መውጣት መቻል ነው። የዶሜይን ስሙን በራሱ የያዘ፣ የደብዳቤዎቹን ቅጂ በየጊዜው የሚያወጣና ክፍያውን በአንድ ግለሰብ ላይ ያልጣለ ማኅበር ዛሬ የመረጠው አስተናጋጅ ነገ ቢከዳው አድራሻውን ሳይለውጥ ሊዛወር ይችላል። አድራሻውን በኩባንያው ስም የከፈተ ግን ከነደብዳቤው ይቀራል።

በእስልምና ትምህርት አማና ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በምስጢር የተነገረ ቃልም አማና ነው። በአማን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የፓስፖርት ቅጂና የሥራ ውል በኢሜይል ይላላካሉ። እነዚህን ሰነዶች ተቀብሎ የሚያስቀምጥ የመረዳጃ ማኅበርም ከፕሮግራመሮቹ ያላነሰ አደራ ተሸክሟል፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ አስቀድሞ ማወቅም ግዴታው ነው።