ስለ ትንሽ ሞተር ቢስክሌት የማርሽ ድጋፍ

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ምግብ አሠራር ስንነጋገር ስለ ቆየን፣ ዛሬ ስለ ሞተር ቢስክሌት ብንጽፍ አንዳንድ አንባቢዎቻችን «ይህስ ለጋራዥ እንጂ ለቤተ ሰብ ገጽ አይገባም» ይሉን ይሆናል። ዳሩ ግን ልጅን ጧት ከቤት አውጥቶ ማታ ወደ ቤት የሚመልስ መሣሪያ ከምድጃውና ከእንስራው ያላነሰ የቤት ዕቃ ነው። እናት ጆሮዋን ወደ ደጅ አቅንታ ድምፁን የምትጠብቀው ነገር የቤተ ሰብ ጉዳይ ካልሆነ፣ የቤተ ሰብ ጉዳይ የሚባለው ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ በወንድማችን ቤት ያየነውን፣ የተሳሳትነውንም ጭምር ሳንደብቅ፣ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ወንድማችን ከቤተ ሰቡ ጋር በአሜሪካ አገር ይኖራል፤ እኛም ልንጠይቀው ሄደን ጥቂት ሳምንታት በቤቱ ተቀምጠን ነበር። የበኵር ልጁ ቀን እየሠራ ማታ ይማራል። መኪና ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረው ሆንዳ ግሮም የምትባለውን ትንሽ ሞተር ቢስክሌት ከሌላ ሰው እጅ ገዝቶ በእርስዋ ይመላለሳል። አንድ ቀን ታናሽ እኅቱን ከኋላው አስቀምጦ መስቀለኛ መንገድ ሲሻገር፣ ማርሹን ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ቢያነሣው ከአንደኛው ወጥቶ ወደ ሁለተኛው ሳይገባ በመካከል ቀረ። ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማው ግን አልተጓዘም። ከኋላ ይመጣ የነበረው መኪና ፍሬኑን ይዞ ከልጅቱ ጀርባ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ።

ልጆቹ በደኅና ገቡ። ልጁ ነገሩን ሊሰውር ቢያስብም ልጅቱ ለእናትዋ ሁሉንም ነገረቻቸው። የወንድማችን ባለቤት ያን ማታ እህል አልቀመሱም። «ይህ ሞተር ነገ ይሸጥ» አሉ። ልጁም «እማዬ፣ እርስዋን ከሸጥሁ በምን ወደ ሥራ እሄዳለሁ? ሥራውን ካጣሁስ ትምህርቴን በምን እከፍላለሁ?» ብሎ መለሰ። ሁለቱም እውነት ይናገሩ ስለ ነበር ፍርዱ ለእኛ አስቸጋሪ ሆነ። በመጨረሻም ነገሩ እስኪመረመር ድረስ ሞተሩ ከግቢ እንዳይወጣ ተስማማን።

አስቀድመን ዕቃው ምን እንደ ሆነ እንንገር። ይህች ሞተር ቢስክሌት በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. ለገበያ የወጣች ስትሆን በአንዳንድ አገሮች ኤም ኤስ ኤክስ 125 ተብላ ትጠራለች። የሞተርዋ መጠን 125 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል፣ የጎማዎችዋ ቸርኬ 12 ኢንች፣ ክብደትዋም ከ100 ኪሎ ግራም ጥቂት ቢበልጥ ነው። እስከ 2020 ዓ.ም. ድረስ የተሠሩት አራት ማርሽ ሲኖራቸው ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡት አምስት ማርሽ አላቸው። የልጃችን ከፊተኞቹ ወገን ናት። አንደኛ ማርሽ ወደ ታች በመጫን፣ ሌሎቹ ወደ ላይ በማንሣት ይገባሉ፤ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ደግሞ ሞተሩ ጎማውን የማይስብበት ባዶ ማርሽ አለ። እግሩ የሰጠው ኀይል ሳይበቃ ሲቀር ማርሹ የሚያርፈው በዚህ ባዶ ስፍራ ስለ ሆነ፣ በመስቀለኛው መንገድ የደረሰውም ይኸው ነው።

የግራ እግር የማርሹን ፔዳል ሲነካው ከፔዳሉ ጋር የታሰረው ዘንግ ይዞራል። ዘንጉም በሞተሩ ሆድ ውስጥ አልፎ አንዲት ትንሽ ከበሮ ያዞራል። በከበሮዋ ላይ ጠመዝማዛ ቦይ ተቈፍሮአል፤ ሹካ የሚመስሉ ብረቶች በቦዩ እየተመሩ ማርሾቹን ወዲያና ወዲህ ያንሸራትታሉ። እግር ሲነሣ አንድ ሞላ ዘንጉን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በዚህ መንገድ ላይ ከተሰለፉት አንዱ ቢላላ ወይም ቢጐብጥ የእግር ትእዛዝ ጐድሎ ይደርሳል።

የዚህች ሞተር ቢስክሌት ዘንግ ከሞተሩ ግድግዳ ወጥቶ ፔዳሉን የሚሸከመው በውጭ ጫፉ ነው፤ ያን ጫፍ ግን ከውጭ በኩል ደግፎ የሚይዘው የለም። ፔዳሉም ክንድ ስላለው እግር በነካው ቍጥር ዘንጉን ከማዞር ሌላ ወደ ላይና ወደ ታች ሊያጐብጠው ይታገላል። በአንድ ማጠፊያ ብቻ የተንጠለጠለ በር ውሎ አድሮ እንደሚያዘነብል የቤት እመቤት ሁሉ ታውቃለች። ሞተሩ አዲስ ሳለ ይህ እምብዛም አይታወቅም። ዕድሜ ሲጨምር ግን ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይሰፋል፤ ዘይት የሚከለክለው የጎማ ቀለበት ያልቃል፤ የእግሩም ኀይል ከፊሉ ማርሽ በማግባት ፈንታ ዘንግ በማወዛወዝ ይባክናል።

ለዚህ መድኀኒት ይሆን ዘንድ ከፋብሪካው ውጭ ያሉ ሠሪዎች ከአሉሚኒየም የተቈረጠ ድጋፍ ያወጣሉ። ድጋፉ በሞተሩ ግድግዳ ላይ በብሎን ይታሰራል፤ የዘንጉን ውጭ ጫፍ የሚቀበል ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳውም ውስጥ ኩሽኔታ ወይም የነሐስ ቀለበት ተቀምጦአል። እንግዲህ አንድ ጎን ብቻ ተይዞ የነበረው ዘንግ በሁለት በኩል ይያዛል ማለት ነው።

ነገር ግን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንደሚባለው፣ የማርሽ ችግር ሁሉ በድጋፍ አይድንም። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሌላውን ምክንያት መመርመር ይገባል። የፍሪሲዮኑ እጀታ ከልክ በላይ ላልቶ ወይም ጠብቆ እንደ ሆነ ማርሽ በደኅና አይገባም፤ በዚህች ሞተር ቢስክሌት የእጀታው ጫፍ መሳብ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል በነጻ ሊንቀሳቀስ ይገባዋል። ያረጀ ዘይት ማርሹን ያከብደዋል። ሰንሰለቱም ከልክ በላይ የላላ ወይም የተወጠረ እንደ ሆነ ይንገጫገጫል። ልጁ እነዚህን ሁሉ አስተካክሎ ካበቃ በኋላም ፔዳሉን በእጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ ቢነቀንቀው ዘንጉ ከነፔዳሉ ሲወዛወዝ በዓይን ይታይ ነበር። በዚህም ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ታወቀና ልጁ ከደመወዙ ከፍሎ አስመጣ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የእኛ ስሕተት ነው። ድጋፉ የደረሰው ቅዳሜ ማታ ሲሆን ልጁ ሰኞ ጧት ወደ ሥራ ሊሄድበት ስለ ፈለገ በችኰላ ገጠመው፤ እኛም ነገሩን ሳናውቅ እንደሚያውቅ ሰው ሆነን «አጥብቀው እንጂ ምን ትፈራለህ?» እያልን አደፋፈርነው። የፊተኛውን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ሌላውን ቀጠለ። ሥራው አለቀ ብለን ፔዳሉን ቢጫነው ወረደ፤ ነገር ግን አልተመለሰም። «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» ማለት እንዲህ ነው። ልጁም «ቀዳዳው ጠቦ ነው፤ በሞረድ እናስፋው» አለ፤ እኛም ተስማማን።

ይህን ጊዜ መብራት ይዘው ከበላያችን የቆሙት እናቱ፣ ሞተሩ ይሸጥ ብለው የነበሩት፣ «ቀዳዳውን ካሰፋችሁት ዘንጉን የሚይዘው ምኑ ነው?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮዋ ከአገራቸው ሳይወጡ ብዙ ዘመን የልብስ ስፌት መኪና ሲያዞሩ የኖሩ ናቸው። «መኪናዬ ሲከብደኝ ብዙውን ጊዜ ብረቱ ጠቦ አይደለም፤ አንዱ ብሎን ከሌላው ቀድሞ ጠብቆ ወይም ከሥር ቍሻሻ ገብቶ ጋደል ብሎ ነው። እስቲ ፈታ አድርገው፣ ልጄ» አሉ። ልጁ ብሎኖቹን ቢያላላቸው ፔዳሉ ያን ጊዜውን ብድግ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ድጋፉን አውጥተን ብናይ ከአንዱ ብሎን ሥር የደረቀ ጭቃ ተጣብቆ ነበር። ይህን የምታህል ጭቃ ድጋፉን አጋድላ፣ የተጋደለው ድጋፍም ዘንጉን አንቆ ይዞት ነበር። በዚያው ተነሥቶ ቢሄድበት ኖሮ ያለ ድጋፍ ከነበረበት አደጋ የባሰ ይጠብቀው ነበር።

እሑድ ቀን ሥራው እንደ ገና በትክክል ተሠራ። ቅደም ተከተሉም እንደሚከተለው ነው።

አስቀድሞ ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ሞተር ቢስክሌቱም በደልዳላ ስፍራ ጸንቶ ይቁም። ማናቸውም ብሎን ሳይፈታ በፊት አካባቢው በብሩሽና በጨርቅ ይጠረግ። ቀጥሎ ፔዳሉ በዘንጉ ጥርስ ላይ የተቀመጠበት ስፍራ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ አለዚያ ሲመለስ አንድ ጥርስ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል እግር ያስቸግራል። ፔዳሉን ጨብጦ የያዘው ብሎን ማላላቱ ብቻ አይበቃም፤ ጨርሶ መውጣት አለበት። ብሎኑ በዘንጉ ላይ በተቈረጠ ጎድጓዳ ስለሚያልፍ፣ ሳያወጡት በኀይል የሚጐትቱ ሰዎች ዘንጉን ይጐዳሉ።

የሰንሰለቱን ጥርስ የሚሸፍነው ክዳን ከተነሣ በኋላ ድጋፉ የሚያርፍባቸው ስፍራዎች ብረቱ እስኪታይ ይጽዱ። ዘንጉም ቀጥ ያለ መሆኑ ይመርመር። ሞተር ቢስክሌቱ ከዚህ በፊት በግራ ጎኑ ወድቆ ዘንጉ ጐብጦ እንደ ሆነ ድጋፍ አያቃናውም፤ ይልቁንም ይዞት ይቀራል። የጐበጠ ዘንግ መለወጥ ነው እንጂ መደገፍ አይደለም።

ከዚያ ድጋፉን በዘንጉ ላይ አግብቶ ብሎኖቹን ሁሉ በጣት ብቻ ማስገባት ይገባል። ቁልፍ ገና አይነካም። ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች አዙሮ መልቀቅ ነው፤ በሞላው ኀይል ፈጥኖ ከተመለሰ ድጋፉ በትክክል ተቀምጦአል። ከዚህ በኋላ ብሎኖቹን በየተራ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ፤ በየጊዜውም ዘንጉን አዙሮ መፈተን ያስፈልጋል። ዘንጉ መክበድ የጀመረበት ተራ ስሕተቱ ያለበትን ብሎን ያመለክታል። እነዚህ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ብሎኖች የሚገቡት በአሉሚኒየም ውስጥ ስለ ሆነ የብርቱ ሰው ክንድ አይወዱም፤ ከ10 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ያህል ጥብቀት ይበቃቸዋል። የድጋፉ ሠሪ ሌላ ልክ ጽፎ እንደ ሆነ የእርሱ ቃል ይጠበቅ። የጥብቀት መለኪያ ያለው ቁልፍ የሌለው ሰው ከጎረቤት ይዋስ ወይም ወደ መካኒክ ይሂድ፤ ይህ ነውር አይደለም።

ፔዳሉን ወደ ምልክቱ ሲመልሱ ከድጋፉ ጋር እንዳይፋተግ በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ይተዉ፤ ጨባጩም ብሎን በደንብ ይጥበቅ። የኋላው ጎማ ከመሬት እንዲነሣ ተደርጎ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ጎማው በእጅ ቀስ ብሎ ሙሉ ዙር ይዙር፤ ሰንሰለቱ ድጋፉን የሚነካ እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃል። ጎማው እየዞረ ማርሾቹ ከአንደኛ እስከ መጨረሻው፣ ከመጨረሻውም እስከ አንደኛ ይሞከሩ። በዚህ ጊዜ ጣትን ወደ ሰንሰለቱ ማስጠጋት ክልክል ነው። ቀጥሎ ሰውና መኪና በማይበዛበት መንገድ ብቻን መሞከር፤ ጥቂት ቀን ከተነዳም በኋላ ብሎኖቹን እንደ ገና መፈተሽ ነው። ድጋፉ የነሐስ ቀለበት ያለው እንደ ሆነ ጥቂት ግራሶ ይቀባ፤ የታሸገ ኩሽኔታ ግን አያስፈልገውም።

ልጁ ያን ቀን ሞክሮ ሲመለስ ፔዳሉ አጭርና የታመነ ሆኖ እንዳገኘው ነገረን። እናቱም ሞተሩ ይሸጥ ማለቱን ተዉት፤ ነገር ግን ሁለት ነገር አዘዙ። አንድ ወር ሙሉ ማርሹ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይስት ካልቈየ ልጅቱ ከኋላ እንዳትቀመጥ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ብሎኖቹ እርሳቸው መብራት ይዘው ሳሉ እንዲፈተሹ። ልጁ ሁለቱንም ተቀበለ።

እኛም ከዚህ አንድ ነገር ተማርን። ደጋፊ የሚደግፈውን ነገር አንቆ ከያዘው ሥራውን ይከለክለዋል፤ ደኅና ድጋፍ እንዳይጐብጥ ይዞ እንዲዞር ይተወዋል። ወላጆችም ይህን ለሞተር ቢስክሌት ብቻ እንዳይመስላቸው እንለምናለን።

ወደ አገራችን ልንመለስ ስንል በመጨረሻው ሌሊት ከወይዘሮዋ ጋር ተቀምጠን ሳለ የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። በማጠፊያው መንገድ ላይ ዝቅ አለ፤ ወዲያውም ተስተካክሎ ቀጠለ። ወይዘሮዋ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «ሁለተኛ ገባ» አሉና እራቱን ሊያሞቁ ሄዱ።